ሰዓቱን እንቁጠር
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ድርጅቶች ትብብር የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ የምንነጋገረው ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለሚማሩት ኮምፒውተር ነው። ብዙዎቻችን ኮምፒውተር ሳንነካ ያደግን ነን። ሆኖም ማኅበራችን የቁጠባ ደብተሩን በእጅ ከመጻፍ ወደ ኮምፒውተር ካሸጋገረ ወዲህ ይህ ዕቃ ምን እንደሚያቀልና ምን እንደሚጠይቅ ሁላችንም አይተናል። በመካከላችን በሂሳብ ሥራ የምንተዳደር አለን፤ የምናቀርበውም በሂሳብ ሠራተኛ ዓይን የታየ ነውና ቁጥር ቢበዛባችሁ ታገሡን።

በመጀመሪያ ጉዳዩ ለምን እንደሚያስጨንቀን እንናገር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን፣ በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ከመቶ ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት የማለፊያውን ነጥብ ሳያገኙ ቀሩ ማለት ነው። ጥቂቶቹ በማካካሻ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል አገኙ። የቀሩት 12 ዓመት ከተማሩ በኋላ ወደ ቤት ተመለሱ። ስለነዚህ ልጆች የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ በእጃቸው ምን ይዘው ወጡ?

ይህ ጥያቄ በእኛ አካባቢ በሴት ልጅ ላይ ይከብዳል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ልጇ፣ እኅቷ ወይም የአክስቷ ልጅ ጂዳ፣ ሪያድ ወይም ቤይሩት ያልሄደችባት ማን ናት? ሄደው ቤት የሠሩ፣ ወንድም ያስተማሩ አሉ፤ እናከብራቸዋለን። ሄደው የት እንደደረሱ ያልታወቁም አሉ፤ እናቶቻቸው እዚህ መካከላችን ተቀምጠዋል። ማኅበራችን አትሂዱ ብሎ ማንንም አይከለክልም። የምንፈልገው አንዲት ልጅ ለመሄድ ስትወስን ሌላ በር ጠፍቶባት እንዳይሆን ነው።

እዚሁ የሚከፈት በር አለ ወይ? አለ እንላለን፤ ጠባብ ቢሆንም አለ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊትም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና የቢራ ፋብሪካው ነበሩ። ስለ ፋብሪካ ስናስብ ብዙ ጊዜ የሚታየን የልብስ ስፌት መኪና ላይ የተቀመጠችው ልጅ ናት። ነገር ግን በየፋብሪካው መጋዘን የገባውንና የወጣውን የሚመዘግብ፣ የሠራተኛ ሰዓት የሚቆጥር፣ የደመወዝ መክፈያ የሚያዘጋጅ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አለ። ይህ ሰው ቀኑን የሚውለው ኮምፒውተር ፊት ነው።

ደሴም እንዲሁ ናት። ፒያሳ ብንወርድ፣ ሙጋድ ወይም ሰኞ ገበያ ብንሄድ፣ የንግዱ ወግ እየተለወጠ ነው። ካሽ ሬጅስተር ማሽን ከገባ ዓመታት አልፈዋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በርበሬ የምትሸጥ እናት ሳትቀር ገንዘብ በስልክ ትቀበላለች። ግብርም ወረፋ ሳይያዝ በኢንተርኔት ማሳወቅ ተጀምሯል። በየማስታወቂያ ሰሌዳው የሚለጠፈውን የሥራ ማስታወቂያ አንብቡ፤ ለጸሐፊም፣ ለገንዘብ ያዥም፣ ለንብረት ክፍልም «መሠረታዊ የኮምፒውተር ችሎታ» የሚል መስመር አይጠፋም። የብሔራዊ ፈተናው ራሱ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ማውዝ ይዛ የማታውቅ ልጅ እንዲህ ላለ ፈተና ስትቀርብ በዕውቀቷ ብቻ ሳይሆን በእጇ ፍጥነትም ትፈተናለች።

አሁን ወደ ትምህርት ቤት እንግባ። መንግሥት ምንም አልሠራም ማለት ሐሰት ነው። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚሰጠው የሳተላይት ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ያስታወሳችሁ ትኖራላችሁ። የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርትም በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አለ፤ መጽሐፍ አለው፤ መምህርም ተመድቦለታል። በኋላ ግን ጦርነቱ መጣ። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መገባደጃ እስከ ኅዳር መገባደጃ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ ሆስፒታል፣ ፋብሪካ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ትምህርት ቤት ሳይቀር ተዘርፏል። አንድ ኮምፒውተር በገባበት ቀን ቢዘረፍ ስንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሚመልስ እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን።

የተረፈውና ከዚያ በኋላ የተተካው ዕቃ ለአንዲት ተማሪ ስንት ሰዓት ይደርሳታል? እስቲ አብረን እናስላ። በአንድ ክፍል 60 ተማሪ አለ እንበል። በኮምፒውተር ክፍሉ የሚሠራው ኮምፒውተር 15 ነው እንበል። ለአንድ ኮምፒውተር አራት ልጅ ይደርሳል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ቢሆን፣ መብራት ባይጠፋ፣ መምህሩም ምንም ሳይናገር ቢያስጀምራቸው፣ ለእያንዳንዷ 10 ደቂቃ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ቢገቡና በዓመቱ 30 ሳምንት ቢማሩ 300 ደቂቃ ይሆናል። አምስት ሰዓት! ያውም አራቱ በእኩል ቢካፈሉ ነው። ከአራቱ ሁለቱ ወንዶች ከሆኑ ማውዙ በማን እጅ እንደሚውል የልጆች እናት የሆንን ሁሉ እናውቃለን።

በአምስት ሰዓት እንጀራ መጋገር የለመደች ልጅ አይተናል? ምጣዱ ሲሰማ፣ ሊጡ ሲቀጥን፣ ዓይኑ ሲወጣ ማየት ስንት ቀን ይፈጃል? ኮምፒውተርም የእጅ ሙያ ነው። በመጽሐፍ ስለ ኮምፒውተር ክፍሎች ስም የሸመደደች ልጅ ፈተናውን ታልፍ ይሆናል፤ ቢሮ ገብታ «ይህን ደብዳቤ ጻፊልኝ» ስትባል ግን ፊደሉን ስትፈልግ ትውላለች።

እዚህ ላይ ድርጅቶች ይመጣሉ። እስካሁን የለመድነው ትብብር አንድ ዓይነት ነው፦ ድርጅቱ ኮምፒውተር ይለግሳል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። ልገሳውን አናቃልም፤ ያለ ዕቃ ትምህርት የለም። ነገር ግን ከተለገሰ በኋላ ቁልፉ በንብረት ክፍል ኪስ ውስጥ የቀረ፣ «ይበላሻል» ተብሎ በጨርቅ ተሸፍኖ ያረጀ ኮምፒውተር ያለበት ክፍል ያየን ሰዎች እዚህ አለን። የትምህርት ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ የንብረት ኃላፊውም ላይ አንፈርድም። ዕቃው ቢጠፋ ከደመወዙ የሚቆረጠው እሱ ነው፤ ልጆቹ ባይማሩ ግን የሚጠይቀው የለም። ዕቃ የሚቆጥር መዝገብ አለን፤ ሰዓት የሚቆጥር መዝገብ የለንም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ሲስኮ የተባለው የአሜሪካ የኔትወርክ ድርጅት ለትምህርት ቤቶች ኔትወርክ ሲዘረጋ፣ ዕቃውን የሚንከባከብ ሰው በየትምህርት ቤቱ እንደሌለ ተረዳ። መፍትሔው ተማሪዎቹን ራሳቸውን ጥገና ማስተማር ሆነ። ከዚያ የተነሣው የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ተጀምሮ ዛሬ ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ይሠራል። በአየርላንድ የተመሠረተው ካማራ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ደግሞ ድርጅቶች ከአገልግሎት ያወጧቸውን ኮምፒውተሮች አድሶ ለትምህርት ቤቶች ሲሰጥ መምህራንንም አብሮ ያሠለጥናል፤ በአገራችንም ሠርቷል። በኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 አይቢኤም ከከተማው የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ከ9ኛ ክፍል የሚጀምር የስድስት ዓመት ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ተማሪዎቹ ከድርጅቱ ሠራተኛ ጋር ይገናኛሉ፣ በድርጅቱም የሥራ ልምምድ ያደርጋሉ። ሦስቱም ዕቃ ሲሰጡ የሚያስተምር ሰው አብረው ሰጥተዋል።

ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ አለልን። በቴክኒክና ሙያ ትምህርት የትብብር ሥልጠና የሚባል አሠራር አለ፤ ሠልጣኙ 30 በመቶውን በተቋሙ፣ 70 በመቶውን በድርጅት ውስጥ እንዲማር የታሰበ ነው። በደሴ የወይዘሮ ስኂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ፣ በኮምቦልቻም የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ አሉን። እንግዲህ ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የምንጠይቀው ከዚህ ወግ ትንሽ ቁራጭ ተቆርሶ ለ9ኛ፣ ለ10ኛ፣ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች እንዲደርስ ነው።

ሐሳባችን ይህ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ቢያንስ ሦስት ኮምፒውተር ያለው ቢሮ ብዙ ነው፤ አስመጪው፣ የግል ክሊኒኩ፣ የሂሳብ ሥራ ቢሮው፣ የቤትና የቢሮ ዕቃ ነጋዴው፣ ሆቴሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብዛኛው ኮምፒውተር ጠፍቶ ይውላል። አንድ ድርጅት በዚህ ጊዜ ሦስት ተማሪዎችን ለሦስት ሰዓት ቢቀበልና አንድ ሠራተኛ ቢመድብ፣ በ30 ሳምንት ለእያንዳንዷ ልጅ 90 ሰዓት ይሆናል። በትምህርት ቤት ከምታገኘው አምስት ሰዓት ጋር አስተያዩት፤ 18 እጥፍ ነው። አሥር ድርጅት ቢገኝ 30 ልጆች። አዲስ ኮምፒውተር አልተገዛም፤ አዲስ ሕንፃም አልተሠራም።

ምን ይማራሉ? ከቀላሉ እንጀምር። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ዓይን ሰሌዳው ላይ ሳያርፍ መጻፍ፤ ፋይል ስም ሰጥቶ ማስቀመጥና መልሶ ማግኘት፤ ኢሜይል መክፈትና የይለፍ ቃል መጠበቅ። ቀጥሎ ኤክሴል። የሱቁን ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ በሠንጠረዥ መሥራት። ከዚያ ደመወዝ፦ የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እንደሆነ አውቃ፣ ቀመሩን አንድ ጊዜ ጽፋ ለሃያ ሠራተኛ ወደ ታች ስትስበው የሚሰማትን ደስታ እኛ እናውቀዋለን። የሒሳብ ትምህርት የከበዳት ልጅ በመቶኛ ምን እንደሆነ እዚያ ይገባታል። በመጨረሻ ፍላጎት ላላት ፒችትሪ፤ የሂሳብ ቢሮዎች ይህን ያስተምሩ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በነፃ በኢንተርኔት የሚሰጥ በመሆኑ ለጎበዞቹ ጥሩ ቀጣይ ደረጃ ነው። ይሁን እንጂ ኢሜይል የሌላት፣ ፊደል እየፈለገች የምትጽፍ ልጅ በዚያ ሥልጠና መግቢያ ላይ ትቀራለች። እኛ የምንሠራው እስከ መግቢያው የሚያደርሰውን መንገድ ነው።

የምንሰማቸው ተቃውሞዎች አሉ፤ ፍትሐዊ ስለሆኑ መልስ ይገባቸዋል። የድርጅት ባለቤቶች «መዝገባችንን ልጅ ይነካብናል» ይላሉ። ትክክል ናቸው። ስለዚህ በየኮምፒውተሩ ለተማሪ የተለየ መግቢያ ይከፈታል፤ የደንበኛ መዝገብ አይታይም፤ ፍላሽ ከውጭ አይገባም፤ ልምምዱ በእኛ በተዘጋጀ የምናብ ሱቅ ሂሳብ ይሆናል። «ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚሉም አሉ። ሠራተኛ ቀጥራችሁ በስድስት ወር ያሰናበታችሁ ሰዎች መልሱን ታውቁታላችሁ፤ ሰውን ከመቅጠር በፊት 30 ቅዳሜ ማየት ትልቅ ትርፍ ነው።

መምህራን ደግሞ «ነጋዴ ምን ብሎ ያስተምራል?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ዕቅዱን የሚያወጣው መምህሩ ነው፤ ድርጅቱ የሚያሠራ እጅ ይሆናል። መምህሩ በወር አንድ ቀን ዞሮ ልጆቹን ይመዝን። ለዚህ ለሚደክምበት የትራንስፖርት ገንዘብ ሊታሰብለት ይገባል፤ በመምህር ትከሻ ላይ ነፃ ሥራ መጫን አይጸናም። በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩ ወጣቶችም በጎ ፈቃደኛ ሆነው ቢመጡ ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚያዩልን ልጆች እናገኛለን።

ከሁሉ የሚከብደው የእናቶች ጥያቄ ነው። «ልጄን የማን ቢሮ ነው የምልከው?» ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ እናት የለም፤ እኛም ቀድመን የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። ደንባችን ጥብቅ ይሆናል። ልጆቹ ሦስት ሆነው ይሄዳሉ፣ ሦስት ሆነው ይመለሳሉ። ከአንድ ሰው ጋር በተዘጋ በር ውስጥ የምትቀር ልጅ አትኖርም። የምታሠራው ሠራተኛ ሴት ብትሆን ይመረጣል፤ ካልሆነም ከአባሎቻችን አንዷ ሹራብ እየሠራችም ቢሆን እዚያ ትቀመጣለች። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት እስከ አሥር ነው፤ ሳይመሽ ቤት ይገባሉ። ቡና አፍሉ፣ ወለል ጥረጉ፣ ተላላኩ ማለት ክልክል ነው። ልጂቱ የሄደችው ልትማር ነው። ቅሬታ ካለ የሚቀርበው ለማኅበራችን ኮሚቴና ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ነው። ደንቡን አንድ ጊዜ ያፈረሰ ድርጅት ሁለተኛ ልጅ አይላክለትም።

ስለ ወንዶቹስ? ወንድ ልጆቻችንም ልጆቻችን ናቸው። በሁለተኛው ዓመት እኩል እንዲገቡ እንፈልጋለን። በመጀመሪያው ዓመት ሴቶቹን ያስቀደምነው ቅዳሜ ከሰዓት ወንዱ ኳስ ሜዳ ወይም ኢንተርኔት ቤት ሲሄድ ሴቷ ልብስ ስለምታጥብ ነው። ለዚህም ከእናቶች አንድ ነገር እንጠይቃለን፦ የቅዳሜን ሦስት ሰዓት ለልጃችሁ ልቀቁላት። ልብሱ እሑድ ይታጠባል፤ ወንድሟም ውኃ መቅዳት አያቅተውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ግን አለ። ከቀበሌ ወደ ቢሮ የባጃጅ፣ ዳቦና ሻይ፣ የመለማመጃ ወረቀት ማባዣ፣ የመምህሩ ትራንስፖርት፣ መብራት ሲዋዥቅ ዕቃ እንዳይቃጠል ስታቢላይዘር። ይህን ማኅበራችን ከደጋፊዎች ጋር ይሸፍናል፤ ደረሰኙም በየሩብ ዓመቱ በዚህ ጋዜጣ ላይ ይታተማል። ድርጅቶችን በተመለከተ ሁለት ነገር እናስታውሳለን። አንደኛ፣ በግብር ደንቡ ለኮምፒውተር በቀጥታ ስሌት የሚያዘው የእርጅና ተቀናሽ በዓመት 20 በመቶ ነው፤ በአምስት ዓመት በመዝገብ ላይ ያለው ዋጋ ያልቃል። ዋጋው ያለቀ ግን የሚሠራ ኮምፒውተር በየመጋዘኑ ተከምሯል። ሁለተኛ፣ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ሕጉ ለሚያውቀው በጎ አድራጎት የተሰጠ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪ ሊያዝ ይችላል። ሒሳብ ሠራተኞቻችሁ ከገቢዎች ቢሮ ጋር ተነጋግረው ሰነዱን በትክክል ያዘጋጁ።

በትምህርት ቤቱ፣ በድርጅቱና በማኅበራችን መካከል የሚፈረመው ስምምነት ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የልጆቹ ቁጥር፣ የኃላፊዋ ስም፣ ደንቡ። ከጎኑ አንድ መዝገብ ይኖራል፤ ልጂቱ ስትገባና ስትወጣ ትፈርምበታለች። በዓመቱ መጨረሻ ለደጋፊዎቻችን የምናቀርበው ሪፖርት «ይህን ያህል ኮምፒውተር ተሰጠ» አይልም። «እያንዳንዷ ልጅ ይህን ያህል ሰዓት ሠራች፤ ይህንንም ደብዳቤ ራሷ ጻፈች» ይላል፤ ደብዳቤውም ይያያዛል። 90 ሰዓት አቅደን 60 ከሆነ 60 ብለን እንጽፋለን፤ ለምን እንደጎደለም እንናገራለን።

እኅቶቻችን፣ ወሎ በቅሬ የኖረ ሕዝብ ነው። ሰው ሲሞት ማንም ሳይጠራን ድንኳን እንተክላለን፣ ውኃ እንቀዳለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን። ማን ምን እንደሚያመጣ የሚጽፍልን የለም፤ ሁሉም ድርሻውን ያውቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንደሚባለው፣ 30 ልጆችን ማሠልጠን ለአንድ ትምህርት ቤት ይከብዳል፤ ለአሥር ድርጅት የቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ነው። ንጉሥ ሚካኤል በዚህች ከተማ ያሠሩት ትልቅ የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። ስሙ እንደሚለው፣ የድርጅቶቻችን በርም ከጠርዝ ቀበሌ የመጣችውን፣ ጫማዋ ያለቀውን ልጅ ሳይጠየፍ ይቀበላት።

ከዚህ ስንወጣ ሦስት ሥራ ይጠብቀናል። የድርጅት ባለቤቶች በሩ አጠገብ በተቀመጠው መዝገብ ላይ የኮምፒውተራችሁን ቁጥርና የሚመቻችሁን ሰዓት ጻፉ። ርዕሳነ መምህራን በውጤት ብቻ ሳይሆን በፍላጎትም መርጣችሁ የልጆቹን ስም ዝርዝር እስከሚቀጥለው ስብሰባችን አድርሱን፤ በተለይ አባትና እናት የሌላቸውን አትርሱ። አባላት ደግሞ እያንዳንዳችን በዓመት ሁለት ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ለመቀመጥ እንመዝገብ። ሁለት ቅዳሜ ብቻ ነው፤ አብሽሩ፣ አይከብድም። ከልጆቹ ጎን ስንቀመጥ እኛም ሁለት ሦስት ነገር ለምደን እንወጣ ይሆናል።